የሞጣው ግጥሚያ

(ሞጣ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ጌም ቤት። የጥር ወር ከሰዓት በኋላ ነው። ውስጥ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽንና አግዳሚ ወንበር አለ። ጥዋት ከብቸና ተነስተው የመጡ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች እበሩ አጠገብ ቆመው ይከራከራሉ። ያየህ ብቸና ላይ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይጠግናል፤ የማያውቀው ነገር የለም። የኔሰው እዚያው ብቸና ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። የጌም ቤቱ ባለቤት ወይንእሸት ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች። የእሷን ድምፅ እኛ አንሰማም።)

ያየህ፦ አይጣፍጥም አልኩህ፣ አይጣፍጥም። የዛሬ ጌም ጣዕም የለውም።

የኔሰው፦ ቀምሰኸዋል?

ያየህ፦ ጌም ይቀመሳል እንዴ?

የኔሰው፦ አይጣፍጥም ያልከው አንተ ነህ።

ያየህ፦ ሲጫወቱት አይጣፍጥም ማለቴ ነው።

የኔሰው፦ ተጫውተኸዋል?

ያየህ፦ መጫወት አያስፈልገኝም። እኔ ቴሌቪዥን ስከፍት ገና ምኑ እንደተቃጠለ የምናገር ሰው ነኝ።

የኔሰው፦ እና ይኼኛው ተቃጥሏል?

ያየህ፦ የኔሰው፣ ቀስ ብለህ አውራ። ትሰማናለች።

የኔሰው፦ ቀስ ብዬ ነው። ወፍጮ ሥር የዋለ ሰው ቀስ አለ ማለት ይኼው ነው።

ያየህ፦ ጌም ማለት ድሮ ብቸና እነኃይለ ጊዮርጊስ ቤት የነበረው ነው። ያ ቲቪ ጌም። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ፣ ልጁ ሁሉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ፣ ውስጥ ያለነው ደግሞ አንዱ ባንዱ ጉልበት ላይ። ካሴቱን ታወጣና እፍ ትልበታለህ፤ መልሰህ ትከተዋለህ፤ እምቢ ካለ ጎኑን መታ ታደርገዋለህ። ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው።

የኔሰው፦ እሱማ ብልሽት ነው።

ያየህ፦ ጣዕሙ እሱ ነዋ። ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል። አንዷን ገደል ይበላታል፤ አንዷን እሳት ይበላታል። በቀረችህ ነፍስ እየተጠነቀቅክ ትኖራለህ።

የኔሰው፦ ሦስት ነፍስ ላለው ሰው ጥንቃቄ ምን ያደርግለታል? እኛ አንድ ሰጥተውን እንኳ አልተጠነቀቅንም።

ያየህ፦ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ነው። አንድ ቀን መጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሼ፣ መብራቱ እልም አለ። እንዴት እንዳለቀስኩ አትጠይቀኝ።

የኔሰው፦ አስታውሳለሁ። እናትህ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች።

ያየህ፦ ቦሱ ፊት ደርሼ ነበር እኮ። ልገድለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የኔሰው፦ የማንን ቦስ?

ያየህ፦ የጌሙን ቦስ። መጨረሻ ላይ የሚመጣ ትልቁ ጠላት ነው።

የኔሰው፦ የእኛም ወፍጮ ቤት ቦስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሠርተን ከጨረስን በኋላ።

ያየህ፦ ይኼኛውን ግን እየው። መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥልልሃል። ሁሉን ነገር ያስቀምጥልሃል። ብትሞት ያነሳሃል። ሐዘን የሌለበት ነገር ጨዋታ ነው?

የኔሰው፦ እንግዲያው ለምን ጌም ቤት መጣን?

ያየህ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ለምን እንደመጣን ሚኒባሱ ውስጥ ስነግርህ አልነበር?

የኔሰው፦ ለወይንእሸት ነው።

ያየህ፦ ለወይንእሸት ነው። ቴሌቪዥኗን ብቸና ድረስ አምጥታ አሠርታኛለች። ያን ጊዜ ልናገር ብዬ ሳልነግራት ሄደች። አሁን ደግሞ ከደጀን አንድ ባለ አይሱዙ ጠይቋታል። አባቷ አቶ አካለ ወልድ እስከ እሑድ መልስሽን አሳውቂኝ ብለዋታል። ዛሬ ካልተነገራት ጾሙ ይገባል፣ ሰውዬውም ይዟት ይሄዳል።

የኔሰው፦ ታዲያ ንገራት። ያቻትና።

ያየህ፦ እንዲህ ዘው ተብሎ አይነገርም። በመጀመሪያ መንገድ ይጠረጋል። አንተ አጠገቧ ትቀመጥና ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ትጨዋወታለህ። መሃል ላይ የእኔን ነገር ጣል ታደርጋለህ። ያየህ እጁ ወርቅ ነው ትላለህ።

የኔሰው፦ እኔ ለነገር አልሆንም። ሌላ ሰው ብትፈልግ አይሻልም?

ያየህ፦ አንተን የመረጥኩህ ለዚሁ ነው። አንተ ስትናገር ተንኮል ያለው አይመስልም።

የኔሰው፦ አንተስ እስከዚያ ምን ትሠራለህ?

ያየህ፦ እጫወታለሁ።

የኔሰው፦ የማይጣፍጠውን?

ያየህ፦ እንድታየኝ ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ። ማሽኑን ድባቅ እመታውና ተነስቼ እመጣለሁ፤ አንተ ያለሰለስከውን እኔ እጨርሰዋለሁ።

የኔሰው፦ ከማሽን ጋር ነው እንዴ የምትጋጠመው?

ያየህ፦ ከማሽኑ ጋር።

የኔሰው፦ ተጠንቀቅ እንግዲህ። እኔ ስንት ዓመት ከማሽን ጋር ኖሬ አንድ ቀን አሸንፌው አላውቅም።

(ወይንእሸት ገብታ ጆይስቲኩን ለያየህ ትሰጠዋለች፤ የእግር ኳሱን ጨዋታ ትከፍትለትና ወደ ደጃፉ ትመለሳለች። ያየህ ፊቱን ለቴሌቪዥኑ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። የኔሰው ሌላ ዱካ አንስቶ ከወይንእሸት ራቅ ብሎ ይቀመጣል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ያለ ነው።)

ያየህ፦ ይኼ ሁሉ ቁልፍ ምን ያደርጋል? ድሮ ሁለት ነበር፤ መዝለያና መተኮሻ። ሰው ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋል?

የኔሰው፦ ይኼ በእንግሊዝኛ የሚለፈልፈው ሰውዬ ምን እያለ ነው?

ያየህ፦ ስሜን እየጠራ ነው።

የኔሰው፦ ያየህ አለ እንዴ?

ያየህ፦ በእነሱ አጠራር ነው። በል አንተ ጀምር።

የኔሰው፦ ጀምሬያለሁ። ስለ ዝናቡ ነገርኳት።

ያየህ፦ ምን አለች?

የኔሰው፦ በጥር ምን ዝናብ አለ አለችኝ።

ያየህ፦ ወደ መንገዱ እለፍ።

የኔሰው፦ እሱንም አልፌዋለሁ። አቧራ ነው አልኳት። ባርኔጣህ ላይ ያለው ነው ወይ አለችኝ። ይኼ አቧራ አይደለም፣ የሰው ጤፍ ነው አልኳት። ሳቀች።

ያየህ፦ ስለ እኔ በል እንጂ።

የኔሰው፦ ያየህ እጁ ወርቅ ነው አልኳት።

ያየህ፦ እሺ?

የኔሰው፦ ዘወር ብላ አየችህ። ታዲያ በዚያ እጁ ለምን የራሱ ጎል ላይ ያገባል አለች።

ያየህ፦ ቁልፉ ተምታቶብኝ ነው። ይኼኛው አይቆጠርም በላት። እንደገና እጀምረዋለሁ።

(ጨዋታውን እንደገና ይጀምራል። ወደ ስክሪኑ እየተጠጋ፣ ወገቡ እየጎበጠ ይሄዳል።)

የኔሰው፦ ለመሆኑ አንተ የትኛው ነህ፣ ሰማያዊው ነህ ቀዩ?

ያየህ፦ ሰማያዊው። ቆይ፣ አታናግረኝ። ቆይ። ይኼ ልጅ ይሮጣል። አየኸው ሲሮጥ? ላቡ እንኳ ይታያል።

የኔሰው፦ ያየህ፣ ወላጆች አሉ ወይ ትለኛለች። የማንን ልንገራት፣ የአንተን ነው የእኔን?

ያየህ፦ (ለተከላካዩ) የራስህን ያዝ፣ የራስህን። የሌላውን ምን አገባህ።

የኔሰው፦ (ወደ ወይንእሸት ዞሮ) የእኔን ልንገርሽ መሰለኝ። አባቴ አርፈዋል። እናቴ አለች፤ ስንቄ ትባላለች። ሰው ካስነጠሰው እስከ ልጅ ልጁ ነው የምትመርቀው። ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ሰው ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚመጣው።

(ወይንእሸት ትስቃለች።)

ያየህ፦ ተጠጋ፣ ተጠጋ እንጂ። ራቅ ብለህ ቆመህ ምን ታያለህ?

የኔሰው፦ ተቀምጫለሁ እኮ።

ያየህ፦ ጠጋ በል አልኩህ።

(የኔሰው ዱካውን ወደ ወይንእሸት ያስጠጋል።)

የኔሰው፦ እዚህ ይበቃል?

ያየህ፦ ጎን ለጎን ሁን። ጎን ለጎን፣ እንዳታመልጥህ።

የኔሰው፦ (ዱካውን ደግሞ እያስጠጋ) አይዞሽ፣ እኔ ራሴ አይደለሁም፤ እሱ ነው በል በል የሚለኝ።

(ወይንእሸት ዳንቴሏን አስቀምጣ ያልተጠቀለለ ክር ታነሳለች። የኔሰውን ሁለት እጆቹን ዘርግቶ እንዲይዝላት ታሳየዋለች፤ ክሩን እጆቹ ላይ አድርጋ ከዚያ እየሳበች ትጠቀልላለች።)

የኔሰው፦ ያየህ፣ ሥራህ ምንድን ነው አለችኝ። ወፍጮ ብላት ቅር ይላታል?

ያየህ፦ አትያዘው። ልቀቀው፣ ልቀቀው። ይዘህ የት ልትደርስ ነው?

የኔሰው፦ እሺ፣ ለቀቅኩት። ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው፣ ወይንእሸት። ማሽኑ የሌላ ሰው ነው፤ ድንጋዩን የምወቅረው ግን እኔ ነኝ። ጫጫታው? እሱን ለምጄዋለሁ። እኔን የሚያስቸግረኝ ዝምታው ነው። ማታ ቤቴ ስገባ አንድም ድምፅ የለም።

ያየህ፦ ባዶ ነው እኮ። ማንም የለበትም። ምን ትጠብቃለህ?

የኔሰው፦ ይኸው፣ ወንድሜም ምስክሬ ነው።

(ወይንእሸት ክሩን መጠቅለሏን ትታ ለጥቂት ጊዜ የኔሰውን ታየዋለች። የሆነ ነገር ትጠይቀዋለች።)

የኔሰው፦ ለምን እንዳላገባሁ? እኔማ ማን ይጠይቀኛል። ወፍጮ ቤት የሚመጡት ሴቶች ሁሉ ያወሩኛል፤ ዱቄታቸውን ይዘው ደግሞ ይሄዳሉ።

ያየህ፦ በረኛው ይውጣ። ኧረ በረኛው ይውጣ፣ ምን ቆሞ ያያል።

(የኔሰው በሩን ግራና ቀኝ ያያል። ከእሱና ከወይንእሸት በቀር ማንም የለም። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ የያየህን ጀርባ ያያል። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲገባው ይታያል። ወደ ወይንእሸት ጠጋ ብሎ በጆሮዋ ይነግራታል። እሷ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ከዚያ በአገጯ ወደ ያየህ ታመለክተዋለች።)

የኔሰው፦ ያየህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ ዞር በል።

ያየህ፦ ቆይ፣ ሪጎሬ ነው።

የኔሰው፦ ቁም ነገር ነው።

ያየህ፦ ከሪጎሬ የበለጠ ምን ቁም ነገር አለ?

(ወይንእሸት ደግመህ በለው በሚል እጇን ታወናጭፋለች።)

የኔሰው፦ ያየህ፣ ወይንእሸት ዞር በል እያለችህ ነው።

ያየህ፦ ዝም በል፣ በረኛውን ላስተኛው ነው። ግራ፣ ግራ፣ ወደ ግራ። (ይመታል) አየህ? አየህ በረኛው የት እንደወደቀ? አንድ ለአንድ ሆንን።

(የኔሰው እጆቹ ላይ ክሩ እንዳለ ተነስቶ ይመጣና በክንዱ የያየህን ትከሻ ነካ ያደርገዋል። ያየህ ዝንብ እንደሚያባርር በክርኑ ይገፋዋል። የኔሰው ወደ ቦታው ይመለሳል።)

የኔሰው፦ እምቢ አለ። ምን ላድርገው?

(ወይንእሸት አሁን ሳቋን ትታለች። ረዘም አድርጋ ትናገራለች። የኔሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።)

የኔሰው፦ ያየህ፣ የደጀኑን ሰውዬ አልፈልገውም አለች። የሚያወራው ስለ ጎማ ብቻ ነው አለች።

ያየህ፦ ጎበዝ፣ አስወጣው። ውጭ ጣለው።

የኔሰው፦ አንተን ደግሞ... ያየህ፣ ትሰማኛለህ?

ያየህ፦ እሰማሃለሁ፣ እሰማሃለሁ።

የኔሰው፦ የምትለው እኔን ነው። እኔ ግን ለሌላ ሰው ነው የመጣሁት አልኳት። እሺ ልበላት ወይስ ያንተን ነገር እንደገና ላንሳላት?

ያየህ፦ ራስህ ምታው፣ ለሌላ አታቀብል። እዚህ ደርሰህ ለሌላ ይሰጣል እንዴ?

የኔሰው፦ (ለወይንእሸት፣ በዝግታ) ሰማሽው?

(ወይንእሸት ሰምታዋለች።)

የኔሰው፦ ብቸና ነው የምንኖረው ሞጣ ትላለች።

ያየህ፦ መሃል፣ መሃል፣ መሃሉን ያዝ።

የኔሰው፦ መሃሉማ ግንደወይን ነው። ግንደወይን ደግሞ ዘመድ የለንም። (ያዳምጣታል) ሞጣ ይሻላል ትላለች፤ ወፍጮ እዚህም አለ፤ እናትህንም እናመጣቸዋለን፣ እዚህ የሚያስነጥሰው ሰው አይጠፋም ትላለች። እኔም እሺ ብያለሁ።

ያየህ፦ አሁን፣ አሁን፣ አሁን ነው። ጊዜው ሊያልቅ ነው።

የኔሰው፦ አባቴንም አሁን ልጥራቸው እያለች ነው።

(ወይንእሸት የመጨረሻውን ክር ከየኔሰው እጅ ላይ ታነሳለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች። በዚያው ቅጽበት ያየህ ከአግዳሚው ላይ ይነሳል፤ ጆይስቲኩን ወደ ላይ ያነሳል።)

ያየህ፦ ገባች። አለቀ። ገባች።

የኔሰው፦ ኧረ ወጣች። አባቷን ልትጠራ።

ያየህ፦ (ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዙሮ) አባቷን? አቶ አካለ ወልድን?

የኔሰው፦ አዎ። ቤታቸው ከጀርባ ነው፤ አሁን ይመጣሉ።

ያየህ፦ እሺ አለች ማለት ነው?

የኔሰው፦ እሺ አለች።

ያየህ፦ (ሄዶ ያቅፈዋል) የኔሰው፣ አንተ የአክስቴ ልጅ፣ ለነገር አልሆንም ስትለኝ ነበር። አየህ? እኔ ሰው አውቃለሁ። ለነገሩ ያሳመናት የመጨረሻው ጎል ነው። አየችኝ አይደል ሳገባ?

የኔሰው፦ ያን ጊዜ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

ያየህ፦ ምንም አይደል፣ ድምፁን ሰምታለች። አንድ ነገር ልንገርህ፣ የኔሰው። ተሳስቼ ነበር። እኔ ተሳስቼ ነበር ስል ሰምተህ ታውቃለህ? ይኼ ጌም ይጣፍጣል። ያንን የድሮውን ያስንቀዋል። ካሴት እፍ የለ፣ ጎኑን መምታት የለ። ገብተህበት ስትቀመጥ ዓለም መኖሩን ትረሳለህ። አጠገቤ ቤት ቢቃጠል አላውቅም ነበር።

የኔሰው፦ እሱን አይተናል።

ያየህ፦ በል ንገረኝ አሁን። ቃል በቃል። ምን ብላ ነው እሺ ያለችው?

የኔሰው፦ እኔም በር ላይ ብቻዬን መዋል ሰልችቶኛል አለች። እናትህም ብቻቸውን ናቸው፣ አብረን ብንሆን ይሻላል አለች።

ያየህ፦ እናቴ ብቻዋን? አባቴ አለ እኮ።

የኔሰው፦ አባትህማ አሉ። እግዜር ያቆይልህ።

ያየህ፦ አልገባኝም። ሌላስ?

የኔሰው፦ ወፍጮውን ደግሞ እዚሁ ሞጣ እናፈላልግለታለን አለች።

ያየህ፦ እኔ ወፍጮ ምን ያደርግልኛል?

(ያየህ ባዶዋን ዱካ ያያል፤ አጠገቧ ያለችውን ሁለተኛዋን ዱካ ያያል። ሁለቱ ዱካዎች ተነካክተዋል።)

ያየህ፦ የኔሰው።

የኔሰው፦ አቤት።

ያየህ፦ እሺ ያለችው ማንን ነው?

የኔሰው፦ እኔን።

(ያየህ አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።)

ያየህ፦ እኔ ይዤህ መጣሁ። የሚኒባሱን እኔ ከፍዬ፣ ጃኬት አበድሬህ።

የኔሰው፦ እውነት ነው።

ያየህ፦ እና ሳትነግረኝ።

የኔሰው፦ ሁሉንም ነግሬሃለሁ። ወላጆች አሉ ወይ ስትል ጠየቅኩህ፣ የራስህን አልከኝ። ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ ተጠጋ አልከኝ። እሺ ልበላት ወይ ብዬ ጠየቅኩህ፣ እዚህ ደርሰህ ለሌላ ይሰጣል እንዴ አልከኝ።

ያየህ፦ ለኳስ ተጫዋቹ ነው እኮ የምለው። ለቴሌቪዥኑ ነው የማወራው።

የኔሰው፦ አውቃለሁ።

ያየህ፦ ታውቃለህ?

የኔሰው፦ መጀመሪያ አላወቅኩም። እውነት ለእኔ መስሎኝ ነበር። ኋላ በረኛው ይውጣ ስትል ነው የነቃሁት፤ እዚህ በረኛ የለም። ለወይንእሸትም ነገርኳት። እንግዲያው ዞር በል በለው አለችኝ። አልኩህ። እሷ እያለችህ እንደሆነም ነገርኩህ። ተነስቼም ነካሁህ፣ በክርንህ አባረርከኝ።

ያየህ፦ ሪጎሬ ነበር አልኩህ።

የኔሰው፦ እሱንም ነገርኳት።

(ቴሌቪዥኑ ላይ ሰማያዊዎቹ ዋንጫ ይዘው ይዘላሉ። ያየህ ተነስቶ ድምፁን ይቀንሰዋል።)

ያየህ፦ ዞር ብል ኖሮስ?

የኔሰው፦ እኔም ይህንኑ ጠየቅኳት።

ያየህ፦ ምን አለች?

የኔሰው፦ እንጃ አለች። ብቸና ቴሌቪዥኗን ይዛ የመጣች ቀንም፣ ጥዋት መጥታ እስክትሄድ ድረስ አንተ ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻ ነበር የምታወራው አለች። ምን ነካሽ፣ የት ነው የሚያምሽ እያልክ። አንድ ጊዜ ለእሷ መስሏት ልትመልስልህ ነበር።

(ያየህ ሳያስበው ሳቅ ያመልጠዋል። ሳቁን ለመዋጥ ይሞክራል፤ አይሆንለትም።)

ያየህ፦ ትራንስፎርመሩን ነበር የማዋየው።

የኔሰው፦ እሷ በምን ታውቃለች።

ያየህ፦ (ፊቱን በእጁ ጠርጎ) ደስ ብሎሃል?

የኔሰው፦ ደስ ብሎኛል። አንተን ሳይ ደግሞ አፍራለሁ። አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም። አይሆንም ካልከኝ አሁን ሄጄ እነግራታለሁ። የእውነት ነው የምልህ።

ያየህ፦ ሄደህ ብትነግራት እኔን እሺ ትለኛለች?

የኔሰው፦ አይመስለኝም።

ያየህ፦ እንግዲያው ምን ልትነግራት ትሄዳለህ። ተቀመጥ።

(የኔሰው ይቀመጣል። ከጀርባ በኩል የሰዎች ድምፅ እየቀረበ ይመጣል።)

የኔሰው፦ ያየህ፣ አቶ አካለ ወልድ እየመጡ ነው።

ያየህ፦ ሰማሁ።

የኔሰው፦ ለእኔ የሚናገርልኝ ዘመድ እዚህ ከአንተ ሌላ የለኝም። እኔ በትልቅ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል።

ያየህ፦ እኔ እንድናገርልህ ትፈልጋለህ? እኔ?

የኔሰው፦ ካስቸገርኩህ ተወው።

(ያየህ ተነስቶ የየኔሰውን ባርኔጣ ያወልቅና ዱቄቱን ጉልበቱ ላይ ያራግፋል፤ ያበደረውን ጃኬት ኮሌታ ያስተካክልለታል።)

ያየህ፦ በል ቁም። ቀጥ በል። እጅህን ኪስህ ውስጥ አትክተት። እኔ ስናገር አንተ አንድ ቃል አትተንፍስ።

የኔሰው፦ እሺ።

ያየህ፦ የምሬን ነው። ትንሽ ብታወራ ሚስት አገኘህ። ትንሽ ብትጨምር ደግሞ ጌም ቤቱንም ትረከባለህ።

የኔሰው፦ ስለ ጌም ቤቱ ተነጋግረናል። አንተ ስትመጣ በነጻ ትጫወታለህ።